አልበስል ያለ ሽንብራ፣ የመረረ ሁሙስ

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሰቢያን ነው። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ የምትሠራው ሁሙስ፣ ያ የሽንብራና የሰሊጥ ማባያ፣ ጣት ያስቆረጥማል። እሷ የነገረችኝን ምንም ሳልለውጥ እዚህ ስሠራው ግን ሽንብራው ሦስት ሰዓት ተቀቅሎም ልቡ እንደጠነከረ ነው። ሁሙሱ ምላስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል። ውስጡ የሚገባው ጣሂና፣ የላመው የሰሊጥ ፍጭ፣ ሱቅ ውስጥ ስለተወደደብኝ ሰሊጥ ገዝቼ ራሴ ቆልቼ ፈጨሁት፤ እሱ ደግሞ መረረ። የጁስ መፍጫዬ ደካማ ስለሆነ ይሆን? አዲስ ልግዛ ወይስ ነገሩን እርግፍ አድርጌ ልተወው?»

ምላሽ፦ የኔ እህት፣ ገንዘብሽን ያዢ። ጥፋቱ የመፍጫው አይደለም።

ሁሙስ የሚለሰልሰው ድስት ውስጥ ነው። ሙክክ ብሎ ያልበሰለ ሽንብራ የፈለገው ውድ መፍጫ ውስጥ ቢገባ ያው አሸዋ ሆኖ ይወጣል። ሙክክ ያለው ግን በሙቀጫም ቢወቀጥ ይልማል። ሶርያና ሊባኖስ ውስጥ ሰዉ ሁሙስ ሲበላ የኖረው የኤሌክትሪክ መፍጫ ሳይመጣ ጀምሮ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን ሽንብራው ለምን አልበስል አለ የሚለውን ነው።

እስቲ የማንቆርቆሪያሽን ክዳን ክፈቺና ውስጡን እዪው። ነጭ ቅርፊት ጋግሮበታል አይደል? ሳሙናም ቶሎ አረፋ አይሰጥሽም። የድሬ ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣ ነው፤ ዋናው የጉድጓድ መስክ ደግሞ እዚያው አንቺ ሰፈር ሰቢያን ነው ያለው። ውሃው መሬት ውስጥ በኖራ ድንጋይ መሃል እያለፈ ካልሲየምና ማግኒዥየም ተሸክሞ ይመጣል። አቦ፣ ከተማችን የሲሚንቶ ፋብሪካ ያቆመችበት ድንጋይ እኮ ነው! እህትሽ ግን ምናልባት የለገዳዲ ወይም የገፈርሳ ግድብ ውሃ ይሆናል የሚደርሳት። ያ ከዝናብ የተጠራቀመ ውሃ ነው፤ ከኛው ጋር ሲተያይ ካልሲየሙ ያነሰ፣ ለስላሳ ውሃ ነው።

የውሃው ጠባይ ሽንብራው ላይ ምን ያደርጋል? የጥራጥሬ ሕዋሳት እርስ በርስ የተያያዙት ፔክቲን በሚባል ሙጫ ነው። ሽንብራ በሰለ የምንለው ይሄ ሙጫ ሲሟሟና ሕዋሳቱ ሲላቀቁ ነው። ካልሲየም ሲያገኝ ግን ፔክቲኑ ይበልጥ ይጠነክራል። አንቺ ከታች እሳት ስትጨምሪ ውሃው ከላይ ሙጫውን እያጠነከረ ሦስት ሰዓት ሙሉ ትታገላላችሁ።

እሳቱ ነው እንዳትዪ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 96 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሐረር 94 አካባቢ፣ አዲስ አበባ ደግሞ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ነገሩ የሙቀት ቢሆን ኖሮ የሚያስቸግረው የእህትሽ ድስት ነበር።

ርካሹ መላ ውሃውን ቀድሞ ማፍላት ነው። 3 ወይም 4 ሊትር ውሃ ጣጂና ከፈላ በኋላ 10 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። አውርደሽ ሳትነካኪው አሳድሪው። ጠዋት ከታች ነጭ ዝቃጭ ታያለሽ። ከላይ ያለውን በቀስታ ወደ ሌላ ዕቃ ቅጂ፤ የመጨረሻውን ሁለት ጣት ያህል ተዪው። ይሄ ካልሲየሙን በሙሉ አያወጣውም፤ ግን ብዙውን ይቀንሰዋል። ካልሆነም የታሸገ ውሃ መጠቀም ትችያለሽ። ለሩብ ኪሎ ሽንብራ ለመዘፍዘፊያም ለመቀቀያም 3 ሊትር ይበቃል። አዲስ መፍጫ ከመግዛት መቼም ይረክሳል።

ሁለተኛው መላ ቤኪንግ ሶዳ ነው። ሶዳ ነው ያልኩት፣ ቤኪንግ ፓውደር አይደለም። ሱቅ ውስጥ አንዱን ለሌላው የሚሸጥልሽ ሞልቷል፤ ማሸጊያውን አንብቢ። ፓውደሩ ውስጥ አሲድና ስታርች ስላለበት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሶዳው ግን ፔክቲኑ ቶሎ እንዲሟሟ ያደርጋል፣ ገለፈቱንም ያላቅቃል። መጠኑ ላይ ግን እጅሽን ሰብሰብ አድርጊ። ለሩብ ኪሎ ደረቅ ሽንብራ ለመዘፍዘፊያው ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ለመቀቀያው ደግሞ ሌላ ግማሽ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ሁሙሱ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ቫይታሚን ቢውም ይጎዳል።

ሎሚ ድስቱ ውስጥ እንዳይገባ። አሲድም ፔክቲኑን ያጠነክራል። «ሲበስል ጣዕሙ እንዲገባበት» ብለሽ ጨምረሽ ከነበረ አንዱ ምክንያት ተገኘ ማለት ነው። ጨው ግን ለመዘፍዘፊያው ትንሽ ቢጨመር ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም፤ ገለፈቱን ያለሰልሰዋል።

አሁን ወደ ሽንብራው። ቀፊራ ገበያ ስትወርጂ ከተገኘ ትልቁን ነጭ ሽንብራ ያዢ። የቢሾፍቱው የምርምር ማዕከል እንደ አረርቲና ሀብሩ ያሉ ነጭ ዝርያዎችን ያወጣው ከዚሁ ወገን ነው። ገለፈቱ ስስ ነው፣ ቀለሙም ለሁሙስ ይስማማል። ለሽሮ የለመድነው ትንሹ ቡናማ ሽንብራም ይሆናል፤ ሁሙሱ ጠቆር ይላል እንጂ ጣዕሙ እንዲያውም ጠንከር ያለ ነው። ገለፈቱ ወፍራም ስለሆነ ግን ሥራ አለው።

ከዝርያው በላይ የሚያሳስበኝ ዕድሜው ነው። ሽንብራ ደገኛ ነው። ክረምቱ ሲወጣ በጥቁር አፈር ላይ ይዘራል፣ ጥርና የካቲት አካባቢ ይሰበሰባል። እኛ ዘንድ የሚደርሰው ተጭኖ ወርዶ ነው። ከዚያ በዚህ ሙቀት መጋዘን ውስጥ ወራት ከከረመ ልቡ ይደርቃል። ሙቀት ጥራጥሬን እንደሚያጠነክር የታወቀ ነው። እንዲያ የሆነውን ሽንብራ ለስላሳ ውሃም ሶዳም ሙሉ በሙሉ አይመልሱትም። ነጋዴውን «የዘንድሮ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። የዘንድሮ ነው ማለቱ አይቀርም፤ ስለዚህ አንቺም በዓይንሽ እዪ። የተጨማደደ፣ ወዙ የጠፋ፣ ነቀዝ የበሳው ከሆነ አልፈሽው ሂጂ። ከተጠራጠርሽ ኪሎ ከመግዛትሽ በፊት ሩብ ኪሎ ወስደሽ ቀቅለሽ ሞክሪው።

መዘፍዘፉ ላይ የድሬ ሙቀት ሌላ ችግር ያመጣል። የውጭ አሠራሮች ሁሉ «አንድ ሌሊት ዘፍዝፉት» ይላሉ። ያ ቀዝቃዛ አገር ላይ ነው። ግንቦት ወር ላይ ድሬ ውስጥ ማታ ኩሽና ጥለሽው ከተኛሽ ጠዋት አረፋ ደፍቆ፣ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ይዞ ይጠብቅሻል። መቦካት ጀምሯል ማለት ነው። ፍሪጅ ውስጥ ዘፍዝፊው፤ እዚያ 12 ሰዓት ቢቆይ ምንም አይለውም። ፍሪጅ ከሌለ ጠዋት ዘፍዝፈሽ ውሃውን አንድ ሁለቴ ቀይሪና ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ቀቅዪው። ውሃው ከሽንብራው ሦስት እጥፍ ይሁን፤ ስለሚያብጥ። አብጦ ሲያበቃ ሳያብጡ ትንንሽ ሆነው የቀሩትን ፍሬዎች ለቅመሽ ጣይ። እነሱ ቀኑን ሙሉ ቢፈሉም አይበስሉም፤ ጥርስ የሚሰብሩትም እነሱ ናቸው። የተዘፈዘፈበትን ውሃ ድፊው። ሆድ የሚነፋው ነገር ከፊሉ እዚያ ውሃ ውስጥ ነው ያለው።

ለመቀቀል ሽንብራውን ውሃውን አጠንፍፈሽ ድስት ውስጥ ክተቺና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳውን ነስንሺበት። መካከለኛ እሳት ላይ ለ3 ደቂቃ ያህል እያማሰልሽ አሙቂው። ሶዳው ገለፈቱ ላይ በደንብ የሚሠራው ያኔ ነው። ከዚያ ያጠራቀምሽውን ውሃ ጨምሪ። ሲፈላ ብዙ አረፋ ያወጣል፤ ግፈፊው። ገለፈቶቹም እየተላቀቁ ወደ ላይ ይመጣሉ፤ እነሱንም በጭልፋ አብረሽ አውጪ። አንድ በአንድ ካልላጥኩ ብለሽ ግማሽ ቀን እንዳትቀመጪ። የመጣውን ያህል ካወጣሽ ይበቃል።

ጥሩ ሽንብራ በጥሩ ውሃ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ይበስላል። ሰዓቱን ሳይሆን ፍሬውን እመኚ። አንዱን አውጥተሽ በአውራ ጣትና በሌባ ጣትሽ ጫን በዪው። ያለ ምንም ትግል መላም አለበት፤ መሃሉ ላይ የምትቆረቁር ነገር ልትቀር አይገባም። ያ ብቻም አይበቃኝ። ለሰላጣ የሚሆን ሽንብራ እዚያ ላይ ይወጣል፤ ለሁሙስ ግን ሌላ 10 ደቂቃ ጨምሪለት። ቅርጹን መያዝ አቅቶት መፈራረስ ሲጀምር ነው የምታወርጂው። «በዛ፣ ተበላሸ» የሚያሰኘው ደረጃ ለኛ ልኩ ነው።

ፕሬዠር ድስት ካለሽ ከሰልም ጋዝም ትቆጥቢያለሽ። የተዘፈዘፈ ሽንብራ ውስጡ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ከግማሽ በላይ ግን አትሙዪው። ክዳኑን ከመግጠምሽ በፊትም ክፍቱን አፍልተሽ አረፋውን ግፈፊ፤ አረፋና ገለፈት የእንፋሎት መውጫውን ከደፈነው አደጋ ነው።

አንድ አቋራጭ ልንገርሽ። የሽንብራ ክክ ካገኘሽ ገለፈቱ ቀድሞ የወጣለት ስለሆነ ድካምሽ በግማሽ ይቀንሳል፣ ሁሙሱም ይልማል። ግን ለሽሮ የተዘጋጀውን እንዳትገዢ። እሱ ተቆልቶ የተከካ ስለሆነ ሁሙስሽ ሽሮ ሽሮ ይሸታል። ጥሬውን ክክ ፈልጊ። በሽሮ ዱቄት ሁሙስ እንሠራለን የሚሉም አሉ። በርበሬና ነጭ ሽንኩርት የገባበት ዱቄት በሎሚ ተበጥብጦ ምን ሊወጣው ነው? እሱን ወጥ ሥሪበት።

ወደ ምሬቱ እንለፍ። ሰሊጥ መራራነቱ ገለፈቱ ላይ ነው። እዚያ ላይ ኦክሳሊክ አሲድ አለ። ለጣሂና ሰሊጡ ይፈተጋል፤ አንቺ ግን ከነገለፈቱ የፈጨሽው ይመስለኛል። በዚያ ላይ እንደ ቡና ቆልተሽው ከሆነ ምሬቱ እጥፍ ይሆናል። የሰሊጥ ፍትፍት ስንሠራ ቆላ አድርገን ነው የለመድነው፤ ለጣሂና ግን ያ እሳት ይበዛበታል።

የሁመራው ዓይነት ነጣ ያለ ሰሊጥ ፈልጊ። ግማሽ ኪሎ ለቅመሽ እጠቢና ለ5 ወይም 6 ሰዓት ዘፍዝፊው። ውሃውን አጠንፍፈሽ በመዳፍሽ እሺው፤ ሙቀጫ ውስጥ ሳትሰብሪ በቀስታ ብትወቅጪውም ይሆናል። ዋናው ገለፈቱ መላቀቁ ነው። ከዚያ ጨው በደንብ የሟሟበት ውሃ ውስጥ ጨምሪው። ፍሬው ይንሳፈፋል፣ ገለፈቱ ይዘቅጣል። ከላይ ያለውን በወንፊት እየጠለልሽ አውጪና ጨው እንዳይቀርበት ደጋግመሽ እጠቢ። ሙሉ በሙሉ ባይጠራልሽም ግድ የለም። ብዙው ከወጣ ምሬቱ አብሮት ይሄዳል። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ስስ አድርገሽ ዘርግተሽ ፀሐይ ላይ አስጪው። ለዚህ ለዚህ ድሬ ላይ መኖር ጥሩ ነው፤ ጠዋት ያሰጣሽውን ከሰዓት ታነሺዋለሽ።

ሲደርቅ በለሰለሰ እሳት ላይ እጅሽ ሳያርፍ አማስዪው። ቀለሙ ሳይለወጥ ሽታው ብቻ ሲመጣ አውርጂ። መጥበሻው ላይ አትተዪው፤ ካወረድሽው በኋላም መቁላቱን ይቀጥላል። ሰፊ ትሪ ላይ ገልብጠሽ አቀዝቅዢው። ጥቂት ጥቂት እያደረግሽ ፍጪ። በቡና መፍጫ ከሆነ ቀድመሽ ጥሬ ሩዝ ፈጭተሽበት ጥረጊው፤ ያለዚያ ሁሙሱ ቡና ቡና ይላል። መጀመሪያ ዱቄት ይሆናል። ቀጥሎ ጠርዙ ላይ ይጣበቅና የማይሆን ይመስላል። በማንኪያ እየፋቅሽ ወደ መሃል መልሺው፤ ሽታ የሌለው ፈሳሽ ዘይት አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጣል አድርጊበት። ግማሽ ያህሉ ዘይት የሆነ እህል ነውና ቆይቶ ራሱ ይፈስሳል። ማሽኑ ሲሞቅ አሳርፊው። ደካማ መፍጫ የሚቃጠለው በችኮላ ነው።

የሱቅ ጣሂና ብትገዢም ከዚህ አያንስም፤ ጊዜ ከሌለሽ እሱን ግዢ። የሚያበቃበትን ቀን እዪ፣ ከላይ የተንሳፈፈውን ዘይት ሳትደፊ ከታች ጀምረሽ አማስዪው።

አሁን ማዋሃዱ። ነጭ ሽንኩርቱ ከሁለት ፍንካች አይብለጥ። ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር አድቅቂና 4 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ውስጥ ለ10 ደቂቃ አኑሪው። የሎሚው አሲድ የነጭ ሽንኩርቱን ማቃጠል ያበርደዋል። ጥሬውን መፍጫ ውስጥ መክተት ሌላው የመምረር ምክንያት ነው። ከዚያ 10 የሾርባ ማንኪያ ያህል ጣሂና ሳህን ላይ አድርጊና ሎሚውን ጨምረሽ ምቺው። ወዲያው ይቋጥራል፤ ወፈር ብሎ ከማንኪያው ጋር ይነሳል። አዲስ ሰው እዚህ ላይ ተበላሸ ብሎ ዘይት ይጨምርበታል። ዘይት አትጨምሪ። የፈለገው ውሃ ነው። በረዶ ያለበት ውሃ በማንኪያ በማንኪያ እያደረግሽ መምታትሽን ቀጥዪ። አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ማንኪያ አካባቢ ይላላል፣ ነጣ ይላል፣ እርጎ የሚመስል ሆኖ ከማንኪያው ላይ ይወርዳል።

ሽንብራውን ሳይቀዘቅዝ ፍጪው። ከቀዘቀዘ ስታርቹ ይጠጥርና መፍጫሽን ያስጨንቀዋል። አንቺ ጋ ያለው ደካማ ስለሆነ ሁለት ቦታ ክፈዪውና ጥቂት የሞቀ ውሃ ጠብ እያደረግሽ ፍጪ። የተቀቀለበትን ውሃ እዚህ አልጠቀምም፤ ሶዳ ስላለበት። ወጥቶ አሁንም ሻካራ ከመሰለሽ በወንፊት ላይ በማንኪያ ጀርባ እየጫንሽ አሳልፊው። ከዚያ ከጣሂናው ጋር ሳህን ላይ በእጅሽ ምቺው። ቅመሺና ጨውና ሎሚ አስተካክዪ። መጀመሪያ ሲታይ ቀጠን ያለ ይሁን፤ ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሲቆይ ይወፍራል። የወይራ ዘይት ውስጡ አልጨምርም፤ መፍጫ ውስጥ ሲመታ ራሱ ሊመርር ይችላል። ውድም ነው። ሲቀርብ ከላይ አንድ ማንኪያ ቢፈስበት ይበቃዋል።

ከላይ ከሙን መነስነስ ትችያለሽ። ከሙን ስልሽ ግን ነጭ አዝሙድ ማለቴ አይደለም፤ እሱ ሁሙሱን ያበላሸዋል። እኔ የምወደው ቃሪያ ከነጭ ሽንኩርትና ከሎሚ ጋር ወቅጦ መሃሉ ላይ ማኖር ነው። ፍልስጤሞችም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋሉ፤ እኛ አገር ሶማሌዎቹ በስባስ የሚሉትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በሞቀ ቂጣ ወይም በዳቦ ብዪው። በእንጀራ አይሄድልኝም፤ ሁለቱም ኮምጣጣ ናቸው። ሥጋም ወተትም የለውምና ለጾም ይሆናል፣ በረመዳን ለማፍጠሪያም እንዲሁ። እንግዳ ካለሽ ግን ሰሊጥ የማይስማማው ሰው እንዳለ ጠይቂ። ለአንዳንዱ ሰው ቀልድ አይደለም።

ጠረጴዛ ላይ አታቆዪው። በኛ ሙቀት አንድ ሰዓት ካለፈው መልሰሽ ፍሪጅ ለማስገባት አትሞክሪ። ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ለ3 ወይም 4 ቀን ይቆያል፤ መብራት ረዘም ላለ ሰዓት ከጠፋ ግን ቀኑን አትቁጠሪ፣ ድፊው። ለዚህ ብዬ ሁሙሱን አብዝቼ አልሠራም። ኪሎ ሽንብራ አንዴ ቀቅዬ፣ ውሃውን አጠንፍፌ፣ በየሩብ ኪሎው በላስቲክ ቋጥሬ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ። ስፈልግ አንዱን አውጥቼ በፈላ ውሃ ለ5 ደቂቃ ቀቀል አደርገውና ትኩሱን እፈጨዋለሁ። ጣሂናውም በጠርሙስ ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ከአንድ ወር በላይ ስለሚቆይ በሚቀጥለው ጊዜ ሥራሽ የግማሽ ሰዓት ብቻ ነው።